በቡድሃ ቤት ደጃፍ

ባለፈው ኦክቶበር የመጨረሻው እሑድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከፓይን ሌክ ወደ ሊልበርን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የቡድሃ መቅደስ በረንዳ ላይ፣ በጭቃ ተለውሰው ተዝረክርከው የነበሩ ጫማዎች፣ ባለቤቶቻቸው ሁሉ ከሕንጻው ጀርባ ቦዩ ዳር ቆመው ሳለ፣ ጭቃቸው ተራግፎ፣ ጥንድ ጥንዳቸው ገጥሞ፣ አፍንጫቸው ወደ ውጭ ዞሮ በረድፍ ተደርድረው ተገኙ። የሆነው ይኸው ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እኔ የምጽፈው ለምን እዚያ እንደተገኘሁና ያየሁትን ብቻ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም፣ እመኑኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በዜና ሥራ ነው፣ እዚህ አትላንታ ከመጣሁ ወዲህም ለአማርኛ ሬዲዮ ስሠራ ሰው ስንት ጉድ እየነገረኝ ሄጃለሁ፣ አንዴ ሳንዲ ስፕሪንግስ አንዲት ሴት የመኝታ ቤቴ ግድግዳ ያለቅሳል ብላ አስጠርታኝ፣ ግድግዳው እውነትም ያለቅስ ነበር፣ ከላይ ያለው ቤት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቱቦ እያፈሰሰ ነበርና የቧንቧ ሠራተኛ ስልክ ሰጥቻት ተመለስኩ። ሁሌም ቱቦ አለ። እስከዚያ እሑድ ድረስ ቱቦውን ያጣሁበት ቀን አልነበረም።

ቦታውን ለማታውቁት፣ እዚያ ድሮ የጥጥ ፋብሪካ መዘውር ለማዞር የተቆፈረ ቦይ አለ፣ ፋብሪካው ከፈረሰ ቆይቷል፣ ቦዩ ግን ዛሬም ውሃ ይሄድበታል፣ ከዳሩ የቀረው ብቸኛ ሕንጻ የጡብ መጋዘን ነበር፣ እሱን በስደት የመጡ የላኦስ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው ገዝተው፣ ጣሪያውን ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ ወርቃማ አድርገው፣ ከፊቱ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ሠርተው ጸሎት ቤት አደረጉት። ከመንገዱ ዳር ታሪካዊ ቦታ መሆኑን የሚናገር የብረት ሰሌዳ ቆሟል፣ ሰሌዳው ስለ ጥጡ ብዙ ይላል፣ ስለ ላኦሶቹ ምንም አይልም። አበሻው «ቡድሃ ቤት» ይለዋል።

ጋሽ ታዬና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ከሱዳን በስደተኛነት ሲመጡ ክላርክስተን አፓርትመንት ውስጥ ነበር የተቀመጡት፣ ብዙም ሳይቆዩ የጋሽ ታዬ እናት መርዶ መጣ። ለቅሶ ተቀመጡ፣ ሰው ሳሎኑን ሞልቶ ደረጃው ላይ ፈሰሰ፣ ማኔጀሩ መጣ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ተጠራ፣ ፖሊሱ ደግ ሰው ነበር ይላሉ፣ ሰው ከሞተ አስከሬኑ የታል ብሎ ጠየቀ፣ አዲስ አበባ ነው ሲሉት ባርኔጣውን አውልቆ ትንሽ ቆሞ፣ ድምፃችሁን ቀንሱ ብሎ ሄደ። ለቅሶ ደግሞ ድምፁ አይቀነስ። በማግስቱ ከታች ቤት የሚኖሩት ማዳም ኬኦ የሚባሉ ላኦሳዊት መጥተው፣ ቋንቋ ስለሌላቸው እትዬ ዘነበችን እጃቸውን ይዘው አስነስተው፣ ሁሉንም አስከትለው ከመቅደሱ አጠገብ ወዳለው የምግብ አዳራሽ ወሰዷቸው፣ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሩዝና ሾርባ መጣ፣ ሦስት ቀን እንደ ልብ ተለቀሰ፣ ማንም ድምፅ ቀንሱ አላለም።

ጋሽ ታዬ ያንን ውለታ መመለስ ፈለጉ። ግን ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸው፣ የሌላ እምነት ጸሎት ቤት ውስጥ መግባት አይሆንላቸውም፣ ገንዘብ ቢሰጡ ላኦሶቹ አይቀበሏቸውም። ስለዚህ ምን አደረጉ፣ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ወደዚያ እየሄዱ በረንዳው ላይ ጫማ ያስተካክሉ ጀመር። ላኦሶቹ እንደኛው ጫማ አውልቀው ነው የሚገቡት፣ አሮጊቶቹ ሲወጡ አጎንብሶ ጫማ መፈለግ ይቸግራቸዋል፣ ጋሽ ታዬ ጥንዱን ያነሱና ሶሉን ከሶል ጧ ጧ አድርገው የጆርጂያን ቀይ ጭቃ ያራግፋሉ፣ ከዚያ አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙረው ያስቀምጣሉ፣ ሰውየው ሲወጣ እግሩን ሰዶ መሄድ ብቻ ነው። ይህን ለዓመታት አደረጉ፣ ደጃፉን ግን አላለፉም።

አላለፉም የሚለውን ግን ያጣራሁት በኋላ ነው፣ ምክንያቱም ወሬው ሌላ ነበር።

ጌታሁን የሚባል፣ እንደ ብዙዎቻችን ራይድ እየሠራ የሚኖር ልጅ፣ አንድ እሑድ ተሳፋሪ ሊያወርድ ቡድሃ ቤት ደጅ መኪናውን ሲያቆም ጋሽ ታዬን ያያቸዋል፣ ባዶ እግራቸውን፣ ደጃፉ ላይ፣ ጎንበስ ብለው። አሜሪካዊ ቢሆን አንድ ሽማግሌ ወገቡን አመመው ይላል። እኛ ግን ሰው ጫማውን አውልቆ ደጃፍ ላይ ካጎነበሰ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሽ ታዬ የቡድሃን ደጅ ሲሳለሙ በዓይኔ አየሁ» ብሎ አወራ፣ ወሬው በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደረሰ፣ ከዚያም እትዬ ዘነበች ጆሮ።

እትዬ ዘነበች ባላቸውን አልጠየቁም። ከዚያ ቤት ስትመለስ ምሳ አትጠብቅ አሉ እንጂ እውነት ነው ወይ አላሉም። ጋሽ ታዬም ነገሩን ሰምተው ይሁን አይሁን ምንም አልመለሱም፣ እሑድ እሑድ መሄዳቸውን ቀጠሉ፣ ተመልሰው የቀዘቀዘ ምግብ ራሳቸው አውጥተው ይበላሉ፣ እንዲህ እንደሆኑ አንድ ሌሊት በተኙበት አረፉ።

ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ እትዬ ዘነበች ደወሉልኝ።

«አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? ማጣራት ሥራህ ነው፣ አጣራልኝ።»

«ምኑን ላጣራልዎ እትዬ?»

«ታዬ ያንን ደጅ ተሳልሟል ወይስ አልተሳለመም?»

«ቢሳለሙስ ምን ይሆናል አሁን?»

«ከተሳለመማ ሙት ዓመቱ ላይ ምን ብዬ እንደምጸልይለት ልወቅ፣ ካልተሳለመ ደግሞ ይቅርታ ለማኟ እኔ ነኝ። ሁለቱ አንድ ጸሎት አይደሉም፣ ልጄ።»

ሥራ ነው ብዬ ተቀበልኩ። መጀመሪያ ለጌታሁን ደወልኩ።

«ብሮ፣ በዓይኔ ነው ያየሁት አልኩህ እኮ» አለኝ።

«ከንፈራቸው እንጨቱን ሲነካ አየህ?»

«ከንፈራቸውንማ... እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ ይዘንባል፣ ዋይፐሩ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ላይክ... ጎንበስ ብለው ነበር በቃ።»

«እና መሳለማቸውን በምን አወቅክ?»

«ባዶ እግራቸውን ነበሩ! ሰው ዝም ብሎ ጫማ ያወልቃል እንዴ?»

ይቺ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነበረች፣ አልዋሽም። ወደ መቅደሱ ሄጄ ማዳም ኬኦንም መነኩሴውንም ለየብቻ ጠየቅኳቸው፣ መልሳቸው አንድ ነበር፣ ሚስተር ታዬ አንድም ቀን አልገቡም፣ ሻይ እንኳ ስንላቸው ወደ በረንዳው አምጡልኝ ብለው እዚያ ባለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ነበር የሚጠጡት። ለምን ጫማቸውን ያወልቁ እንደነበር ስጠይቅ ግን ሁለቱም አላወቁም። ማዳም ኬኦ ትከሻቸውን ሰብቀው «እኛም ግራ ይገባን ነበር፣ አይገባ ነገር፣ ለምን እግሩን ያበርደዋል?» አሉ።

ይህንኑ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው።

«ደግ ሰዎች ናቸው፣ ለመበለት ክፉ አይናገሩም። ሌላ ምስክር የለህም?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ሄጄ ራሴ አየዋለሁ። ደጃፉ እንደሆነ አይሸሸኝም።»

የእትዬ ዘነበችን ሐሳብ ስነግራቸው ማዳም ኬኦ ለመብራት በዓላቸው ጋበዟቸው። ላኦሶቹ የክረምት ሱባዔያቸው ሲያበቃ ከሙዝ ግንድና ከአበባ ትንንሽ ጀልባ ሠርተው፣ ሻማ አቁመውባት ውሃ ላይ ይለቃሉ፣ ለሞቱባቸውም ጭምር። እትዬ ዘነበችን ኋላ ከገቡበት የሊልበርን ቤታቸው ይዣቸው ስመጣ መኪና ውስጥ ይህን አስረዳኋቸው።

«ለሞተ ሰውማ እኛስ ጧፍ እናበራ የለ» አሉ።

«ውሃ ላይ አይደለማ።»

«ውሃ ላይ ይጠፋባቸዋል፣ እነሱም አያውቁበትም» ብለው ሳቁ፣ እስክንደርስ ድረስ ግን እጃቸው የመቀመጫውን ቀበቶ ጨብጦ ነበር።

ከቀትር ጀምሮ ሲያካፋ ውሎ ገና ማቆሙ ነው። ፓርክ አደረግኩና በረንዳው ላይ ወጣን። ጸሎቱ ተጀምሯል፣ ከውስጥ ድምፁ ይሰማል፣ በረንዳው ሙሉ ጫማ ነው፣ ሰንደሉ፣ ስኒከሩ፣ ቦቲው በቀይ ጭቃ ተለውሶ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ፣ ለዘገባው ይሆናል ብዬ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ፎቶው አሁንም አለ። ፎቶውን አይቼ ቀና ስል እትዬ ዘነበች አጠገቤ የሉም።

ደጃፉ ላይ ነበሩ። ጥቁር ጫማቸውን አውልቀው፣ ባዶ እግራቸውን፣ ጫማውን ከሰው መንገድ ዘወር ሊያደርጉ አጎንብሰዋል፣ ነጠላቸው ወደ ፊት ወርዶ ግንባራቸው የበሩን መቃን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ከመንገዱ ላይ የሚያይ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ።

«እትዬ» አልኩ።

«ምነው?»

«ጫማዎን አወለቁ።»

«ደጅ አይደል እንዴ? ጫማ አድርጌ ልቁምበት?» አሉና እግራቸውን አዩ። ከዚያ በሩን አዩ። አልገቡም፣ ለመግባትም አላሰቡም፣ ግን አውልቀዋል፣ ማንም አላዘዛቸውም፣ እግራቸው ራሱ ነው ያወለቀው። ቀስ ብለው እዚያችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ የማን ወንበር እንደነበረች እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው አያውቁም፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

«አሁን ጌታሁን በዚህ ቢያልፍ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ «እሷም ተሳለመች ይለኝ ነበር።» እየሳቁም እያለቀሱም ነበር። «እኔ ጅል፣ አንድ ቃል ብጠይቀው ምን ነበረበት።»

በእኔ በኩል ምርመራው እዚህ ላይ አልቋል፣ መልሱ ተገኝቷል፣ ወደ ቤታችን ብንመለስ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር።

ማዳም ኬኦ ወጥተው እትዬ ዘነበችን አቅፈው ወደ ቦዩ እንሂድ አሉ። ምእመናኑ በመቅደሱ ውስጥ አልፈው በኋላ በር በባዶ እግራቸው ነው የሚወጡት፣ እስከ ውሃው ድረስ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ እኛ በሕንጻው ጎን ዞርን፣ እኔም ጫማዬን በረንዳው ላይ ትቼ፣ እትዬ ዘነበች ጫማዎን ያድርጉ ቢባሉ እሱም ባዶ እግሩን ነበር ብለው እምቢ አሉ። የግቢው የፊት በር ተዘግቷል፣ ፓርኪንጉ ስለሞላ ማዳም ኬኦ ራሳቸው ናቸው የዘጉት። በረንዳው ላይ ማንም አልቀረም።

ቦዩ ዳር ሲደርሱ ማዳም ኬኦ አንዲት ትንሽ ጀልባ አመጡ። «የሚስተር ታዬ» አሉ። እትዬ ዘነበች ጀልባዋንና ሻማዋን ሲያዩ ቆይተው፣ አማትበው፣ በስመ አብ ብለው ለኮሱ፣ ማዳም ኬኦ ተቀብለው ውሃው ላይ ለቀቋት። ጀልባዎቹ ተራ በተራ እየራቁ ሄዱ፣ ቦዩ በሚታጠፍበት ላይ መብራታቸው አንድ ላይ ተጠጋግቶ ይታይ ነበር፣ መነኩሴው ቀስ ብለው ያዜማሉ፣ ሌላው ሰው ዝም ብሏል።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። ጧ ጧ።

ጀልባዎቹ ከጡቡ ግድግዳ ጋር ተጋጩ ብዬ አሰብኩ፣ ያው ቱቦውን መፈለጌ ነው፣ ግን ጀልባዎቹ ርቀው ሄደዋል፣ ድምፁ ደግሞ የመጣው ከኋላችን ነው። ትንሽ ቆየ። ጧ ጧ። እንደገና ትንሽ ቆየ፣ የሚቆይበት ጊዜ እኩል አይደለም፣ አንድ ሰው አንድ ነገር አንስቶ አይቶ ሌላውን ፈልጎ እስኪያገኝ ያለ ዓይነት ነው። ጧ ጧ። በረንዳው ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ በራሱ የሚበራ መብራት አለ፣ ከሕንጻው ማዶ ያሉት የጥድ ዛፎች በርተው ታዩኝ፣ ጠፉ፣ ደግሞ በሩ። ራኩን የሚሉት፣ ሌሊት ሌሊት የሰው ደጅ የሚበረብረው የዚህ አገር አውሬ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ራኩን ጫማ ይጎትታል፣ አያጨበጭብም።

እትዬ ዘነበች እጅጌዬን ያዙ።

«ሰማህ?»

«ሰማሁ።»

«ምንድነው?»

«አላውቅም፣ ልየው» ብዬ ዞር ስል እጅጌዬን አልለቀቁም።

«እኔ አውቀዋለሁ። ቤታችንም ሲገባ ሁልጊዜ እንዲህ ነበር» አሉ፣ በጣም በዝግታ፣ «ተው አትሂድ። ይጨርስ።»

እኔ ድምፅ ሰምቼ ሳልሄድ የቀረሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፣ ያን ቀን ግን ቀረሁ፣ እጃቸው እጅጌዬ ላይ እንዳለ። ድምፁ ዜማው እስኪያልቅ ቀጠለ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ፣ ዛፎቹ ጨለሙ።

ተሰብስበን ወደ ፊት ስንዞር መጀመሪያ የደረሱት ሁለት ወጣቶች በረንዳው ሥር ቆሙ፣ ከኋላቸው የመጣውም ሰው ሁሉ ቆመ። መጀመሪያ ላይ የጻፍኩትን ያየሁት ያኔ ነው። ጫማው ሁሉ በረድፍ ነበር። በየጥንዱ ሥር የተራገፈ ቀይ ጭቃ እንክብል እንክብል ሆኖ ወድቋል፣ የእኔም ጫማ በመካከል አለ። አንዱ ወጣት በላኦስኛ የሆነ ነገር ሲጠይቅ ሌላው ራሱን ነቀነቀ፣ ማንም አልሳቀም። ማዳም ኬኦ ግን ወደ ፊት አልፈው፣ በአንድ እጃቸው ምሰሶውን ይዘው እግራቸውን ሰንደላቸው ውስጥ ሰደዱና፣ ለዓመታት ይሉት እንደነበረው ወደ ወንበሯ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው «ታንክ ዩ፣ ሚስተር ታዬ» አሉ።

የእትዬ ዘነበች ጫማ መጨረሻ ላይ ነበር። ቀኝ እግራቸው ማታ ማታ ያብጣል፣ ጋሽ ታዬ ከቅዳሴ ሲወጡ የቀኙን ጫማ ዘለበት አላልተው ይጠብቋቸው እንደነበር የነገሩኝ በኋላ መኪና ውስጥ ነው። እግራቸውን ሲሰዱ ያለ ችግር ገባ። ዘለበቱ ላልቶ ነበር፣ ይህን አይቻለሁ፣ ሲያወልቁት ጠብቆ ነበር ወይ ላልቶ ግን አላየሁም፣ ጠብቆ ነበር ያሉት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ማጣራት የሚቻለውን አጣርቻለሁ። በረንዳው ላይ ካሜራ አለ፣ ከማዳም ኬኦ ጋር ሆነን ቅጂውን አየነው፣ የተተከለው ለሙዳየ ምጽዋቱ ስለሆነ ወለሉን አያሳይም፣ መብራቱ ሲበራና ሲጠፋ ይታያል፣ ወደ በረንዳው የሚወጣውን ደረጃም ያሳያል፣ በደረጃው ላይ የወጣ ሰው የለም። ከምእመናኑ መካከል ወደ ኋላ ቀርቻለሁ ያለ አላገኘሁም። መነኩሴውን ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ምን እንደሚያስገርመኝ ያልገባቸው ይመስል አዩኝና «እሑድ ነው እኮ» አሉኝ። እኔም፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቀጥሎ የሚጠየቀውን አልጠየቅኩም።

ሙት ዓመቱ በቀኑ ወጣ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ሊልበርን እትዬ ዘነበች ቤት ተሰበሰበ፣ ማዳም ኬኦና ላኦሶቹም መጡ፣ እነሱ ቀድመው ስለደረሱ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ፣ ከኋላቸው የመጣው አበሻም ያንን አይቶ አወለቀ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር፣ መንገዱ በመኪና ስለተያዘ የሚመጣው ሁሉ በሣሩ ላይ እየተራመደ ነው የሚገባው። ጌታሁን መጨረሻ ላይ መጥቶ ደጅ ቆመ፣ አልገባም።

እትዬ ዘነበች ራሳቸው በሩን ከፈቱለት።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«እትዬ ዘነበች፣ አይ ሚን... እኔ ያኔ ያልኩት...»

«ጫማህን አውልቅና ግባ። ባዶ እግር ማንንም አልገደለም።»

ነጭ ስኒከር ነበር ያደረገው፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነክቶታል፣ አውልቆ እንደነገሩ ወርወር አድርጎት ገባ፣ በሩም ተዘጋ። እኔ የተቀመጥኩት ከበሩ አጠገብ ነው። ካህኑ ጸሎቱን ጀመሩ፣ እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፣ ምን እያሉ እንደሚጸልዩ ያን ጊዜ አውቅ ነበር። ጸሎቱ እስኪያልቅ በዚያ በር የወጣ ሰው የለም።

በሩን መጀመሪያ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጫማዎቹ በረድፍ ነበሩ፣ አፍንጫቸው ወደ መንገዱ። የጌታሁን ነጭ ስኒከር መጨረሻ ላይ ነበር፣ ሶሉ ላይ ጭቃ አልነበረም።